የመምሬ ወልደአረጋይ ብስክሌት

የመምሬ ወልደአረጋይ ቤት ደብረ ብርሃን፣ ደብራቸው ደግሞ ጨፌ ሚካኤል ነበር። ጨፌ ሚካኤል ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከዋናው ጎዳና ወደ ግራ ታጥፎ በገብስና በባቄላ ማሳ መሀል የሚደረስበት፣ ጥድና ባሕር ዛፍ የከበበው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። መምሬ ከድቁና ጀምረው ያገለገሉት እዚያው ነው። ወደ ከተማ የገቡት ባለቤታቸው ወለተሐና ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሥራ ባገኘች ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ከተማ ውስጥ ሌላ ደብር እንፈልግልዎ ቢባሉ አሻፈረኝ አሉ። "ሚስቴ ከተማ፣ ታቦቴ ገጠር፣ እኔ መንገድ ላይ" እያሉ ራሳቸው ይቀልዱ ነበር።

ቀልዱ ቀልድ ሆኖ የቆየው መኪና እስካለ ድረስ ነው። ድሮ ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ብቅ ካሉ በአንኮበር መንገድ ወደ ጎረቤላ የሚሄድ ሚኒባስ አያጡም። በኋላ ግን ነዳጅ ጠፋ። ሾፌሮቹ ማደያ በር ላይ ተሰልፈው ያድራሉ፤ የቀናው ቀድቶ ሲመጣ ሰው በሰው ላይ ጭኖ ካልሆነ ንቅንቅ አይልም። አንዳንድ ቀን ደግሞ መንገዱ ራሱ ይዘጋል፤ ለምን እንደተዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት የሚናገር የለም። "ካህን ቅድሚያ ይግባ!" ይላል ሕዝቡ፣ እግዜር ይስጠው። መኪናው ከሌለ ግን ቅድሚያው ምን ይሠራል? በሳምንት አንድ ሁለቴ ኪዳን ሳይደርሱ ይቀራሉ። ያኔ አባ ዘርአ ዳዊት ብቻቸውን ያደርሳሉ። አባ በግቢው የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት መነኩሴ ናቸው፤ ጨፌ ሚካኤል ከሁለቱ በቀር ቄስ የለውም።

ወንዱ ልጃቸው ነቢዩ አዲስ አበባ ሥራ ይዞ ሲሄድ ብስክሌቱን ጥሎ ነበር የሄደው። ጓሮ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆሞ ዶሮዎች መሪው ላይ ይሰፍሩበታል። አንድ ጠዋት መምሬ መናኸሪያ ቆመው ቆመው፣ ኪዳን ካመለጣቸው በኋላ ወደ ቤት ተመልሰው ያንን ብስክሌት ሲያዩት ዋሉ። ማታ ወለተሐና ከፋብሪካው ሰርቪስ ወርዳ ስትገባ፣ የዶሮ ኩሱን በአመድ እየፈተጉ አገኘቻቸው።

"ልትሸጠው ነው?" አለች። በሰው ፊት "እርስዎ" ትላቸዋለች፤ ቤት ውስጥ ሲሆኑ ግን አንተና አንቺ ናቸው።

"ልሄድበት።"

"በዚህ ዕድሜህ?"

"ሙሴ ባሕር ሲከፍል ሰማንያ አልፎት ነበር።"

"ሙሴ የተሻገረው በእግሩ ነው" አለችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ያን ዕለት ምሽት ላይ ሜዳ ይዛቸው የወጣችው ግን እሷው ናት።

ኮርቻውን ከኋላ ጨምድዳ ስለያዘች ብስክሌቱ አልንቀሳቀስ አለ። "ልቀቂኝ እንጂ!" ይላሉ መምሬ። "ብለቅህ ትወድቃለህ።" "ካልለቀቅሽኝስ መቼ እሄዳለሁ?" እንዲህ እየተጨቃጨቁ፣ እየሳቁ፣ ሁለቴ አብረው ሣር ላይ እየተንከባለሉ ጥቂት ምሽቶች አለፉ። መምሬ ሚዛን መጠበቁን ለመዱ፤ ፍሬን መያዙን ለመዱ። ከቆሙበት መነሣት ግን እስከ መጨረሻው አልሆነላቸውም። ድንጋይ ላይ ካልወጡ በቀር ኮርቻው ላይ መቀመጥ አይችሉም። ጥምጥማቸውን አጥብቀው፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ ካልሲያቸው ውስጥ ከተው፣ ጋቢያቸውን በደረታቸው አመሳቅለው፣ መስቀላቸውን እኪሳቸው ሸጉጠው፣ ድንጋይ ፈልገው ይነሣሉ። የበሬሳን ወንዝ ድልድይ ሲያልፉ ንፋሱ ጋቢያቸውን እንደ ሸራ ይነፋዋል።

ያፈጥነኛል ብለው ያነሡት ብስክሌት ግን አላፈጠናቸውም። በሚኒባስ ሲሄዱ መስኮቱ በትንፋሽ ይደበዝዛል፤ ማን በመንገድ እንዳለ አያዩም፣ እሳቸውንም የሚያያቸው የለም። በብስክሌት ሲሆን ኩበት የምትለቅመዋ ሴት፣ አጥር የሚያበጀው ገበሬ፣ ወደ ገበያ በግ የሚነዳው ሁሉ "ይፍቱኝ አባቴ!" እያለ መሀል መንገድ ላይ ይደፋል። ካህን ደግሞ ይፍቱኝ ያለውን ጥሎ አያልፍም። ይወርዳሉ፤ መስቀል ያሳልማሉ፤ "እግዚአብሔር ይፍታ" ይላሉ፤ የታመመ ካለ ይጠይቃሉ። ከዚያ ድንጋይ ፍለጋ ነው። ሰዉም ይህን አውቆ፣ መስቀል መሳለም የፈለገ ሁሉ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ሆኖ ይጠብቃቸው ጀመር።

ሕዝቡ ለመደ። ያልለመዱት አቶ ኃይለኢየሱስ ነበሩ። አቶ ኃይለኢየሱስ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀመንበር ናቸው፤ ትልቅ ገበሬ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ፣ ከራሳቸው ጎተራ እህል አውጥተው ሸጠው ቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ ያለበሱ ሰው። ፍልሰታ ሊገባ ሰሞን ከኪዳን በኋላ መምሬን ወደ ጥዱ ሥር ጠሯቸው።

"አባታችን፣ ነውር ነው አላልኩም" አሉ። "ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እዚህ ደብር ሁለት ቄስ ናችሁ። አንዱ ከጎደለ ቅዳሴ የለም። ከዚያ ነገር ላይ ወድቀው ቢደሙስ? የደማ ካህን መቅደስ አይገባም። በፍልሰታ ይህ ሁሉ ምእመን ጦሙን ቆሞ ቅዳሴ ቢታጎል ማን ይጠየቃል? የርስዎ እግር የርስዎ ብቻ አይደለም።"

መምሬ እውነት መሆኑን አወቁ። "ደግ" አሉ። "በፍልሰታ በእግሬ እመጣለሁ።"

ቃላቸውንም ጠበቁ። የፍልሰታ ቅዳሴ የሚገባው እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ፣ ማለዳ ከወጡ በእግራቸውም በጊዜ ይደርሳሉ። ዝናቡ እየወረደባቸው፣ ጭቃው ጫማቸውን እየጎተተው፣ ሳምንት ያህል በእግራቸው ተመላለሱ። ጉልበታቸው ማታ ማታ ያብጣል፤ ወለተሐና በሞቀ ውሃ ታሽላቸዋለች። "ቃል ቃል ነው" ይሏታል፣ እሷ ምንም ሳትል።

አንድ ጠዋት ግን ከቤት ሊወጡ በሩን ሲከፍቱ ሙሉዬ ደጅ ላይ ቆማለች። ሙሉዬ የንስሐ ልጃቸው ናት። ሌሊቱን ከባሏ ተጣልታ፣ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ፣ ዓይኗ አብጦ ነበር። "አባቴ፣ ደነባ እናቴ ዘንድ ልሄድ ነው፤ ስሄድ ይባርኩኝ ብዬ ነው" አለች። እንዲህ ያለችን ሴት ባርኮ መሸኘት እንዴት ይሆናል? አስቀመጧት። አልቅሳ እስኪወጣላት ጠብቀው አናገሯት። ባሏን ስልክ ደውለው አስጠሩት። እሱም መጣ፤ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ነገሩ በረድ ብሎ ሁለቱ አብረው ሲወጡ ፀሐይዋ በደመናው ውስጥ ከፍ ብላለች። አሁን በእግር ቢነሡ ቅዳሴው ከገባ በኋላ ነው የሚደርሱት። መናኸሪያ ሮጡ፤ ያለው አንድ ሚኒባስ ነው፣ እሱም ሾፌሩ ማደያ ተሰልፏል። ተመልሰው መጡና ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆሙ። ዶሮዋን ከመሪው ላይ እሽ አሏት።

ጉም ነበር። ከአንኮበር አፋፍ በኩል የሚመጣው ጉም ሜዳውን ሞልቶት፣ የድንጋይ ካቡ አልፎ አልፎ ብቻ ይታያል። የመንገዱን እኩሌታ እንዳለፉ ሦስት ሰዎች ከፊታቸው ብቅ አሉ፤ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች። አንደኛዋ ሴት ሕፃን ታቅፋለች። "ይፍቱን አባታችን" አሉና መንገዱ ዳር ቆሙ። መምሬ ወረዱ።

ሰውየው ተፈራ፣ ሚስቱ ማስተዋል ይባላሉ። ከወለጋ ተፈናቅለው መጥተው ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ሦስተኛዋ ሴት፣ እናናየሁ የምትባለው፣ ከነሱ ዓመታት ቀድማ መጠለያው የገባች ጎረቤታቸው ናት፤ ሕፃኑን እየተቀበለች ልታቅፍላቸው መጥታለች።

"ዛሬ አርባ ቀኑ ነው" አለ ተፈራ፣ ወደ ሕፃኑ እያመለከተ። "ክርስትና ልናስነሣው ነው።"

"ከተማ ስንት ቤተ ክርስቲያን እያለ በዚህ ጭቃ?"

መልሱን የሰጠችው ማስተዋል ነበረች። "እኛ የተጠመቅነው ሚካኤል ነው፣ አባቴ። እዚያ ቀረ። ነፍሰ ጡር ሆኜ ስንወጣ፣ በሰላም ከተገላገልኩ ሚካኤል አጠምቀዋለሁ፣ የገጠሩን ሚካኤል፣ ብዬ ተስዬ ነበር። ከእርሻ መሀል ያለውን። ጨፌ ሚካኤል እንዲያ ነው ሲሉኝ ጊዜ..." ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

"እንዲያ ነው" አሉ መምሬ። ሕፃኑን በመስቀል ባረኩት። "ቀስ እያላችሁ ኑ። እኔ ቀድሜ ደርሼ እጠብቃችኋለሁ።" ተፈራ ክንዳቸውን ደግፎ ብስክሌቱ ላይ አወጣቸው።

ከዋናው መንገድ ወደ ማሳው መሀል ከታጠፉ በኋላ ነው የሆነው። ከአንድ ግቢ ጥቁር ውሻ እየጮኸ ወጥቶ ተረከዛቸውን ሊይዝ ተከተላቸው። መምሬ እግራቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። ጭቃው የፊቱን ጎማ አንሸራተተው። ብስክሌቱ ወደ ግራ፣ እሳቸው ወደ ቀኝ ሄዱ፤ ቀኝ ጉልበታቸው ከተፈለጠ ድንጋይ ላይ አረፈ። ውሻው ራሱ ደንግጦ ጥቂት ቆሞ አያቸውና ጅራቱን ወትፎ ወደ ግቢው ገባ።

ተነሥተው ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። ጉልበታቸው ላይ ቆዳው ተገልጧል። ደሙ እየተንቆረቆረ ቁልቁል ካልሲያቸው ውስጥ ይገባል። ዙሪያቸውን አዩ፤ ጉሙ ሁሉን ሸፍኖታል። አንድም ሰው የለም። ከቦዩ ውሃ ዘግነው አጠቡት፤ ከጋቢው ሥር የደረቡትን ነጠላ ጥለት ቀደው አሰሩት። ጥለቱ ወዲያው ቀላ። ቀሚሳቸውን ወደ ታች ለቀቁት። ሲለቁት ምንም አይታይም፤ ቀሚሱ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። በላዩ ላይ ደግሞ ልብሰ ተክህኖው እስከ መሬት ይወርዳል።

ብስክሌቱን እየገፉ የቀረችውን መንገድ በእግራቸው ሄዱ። ወደ ሚካኤል እየተራመዱ የሚያስቡት ግን የሚያሳፍር ነበር። ደሙ እስክደርስ ይቆም ይሆናል። ቢቆም ደማሁ ይባላል? ባይቆምስ ማን ያያል? ይህን ሁሉ ሕዝብ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሰውን ሕፃን ሁሉ፣ ቅዳሴ ነሥቶ ከመመለስና አንዲት ጉልበት ከመደበቅ የቱ ይብሳል? ያቺ ሴትስ? ሃያ ሰባት ዓመት ቀድሻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ በኔ ምክንያት አልታጎለም። እንዲህ ሲሉ ደረሱ።

አባ ዘርአ ዳዊት ዕቃ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ኮቴውን ሰምተው ግንቡን እየዳበሱ ሊነሡ ሞከሩ። "መጣህ? ዛሬ ክርስትና አለ አሉኝ። ከሰኔ ወዲህ ሕፃን አላጠመቅንም እኮ" አሉ ፊታቸው እየበራ። "በል፣ ሳይረፍድ ልብስ እንልበስ።"

መምሬ የልብሰ ተክህኖውን ሣጥን ከፈቱ። ነጩን ካባ አነሡት። እጃቸው ላይ ትንሽ አቆዩት። ከጉልበታቸው በታች አንድ ሞቅ ያለ ነገር ቀስ ብሎ ሲወርድ ተሰማቸው።

ካባውን መልሰው አስቀመጡ። "አባ፣ ወድቄያለሁ" አሉ። "ደምቻለሁ። አልቆመም።"

አባ ዘርአ ዳዊት ወደ ድምፁ ዞሩ፤ ከዚያ በዝግታ ተመልሰው ተቀመጡ። "እንግዲህ ሕዝቡን ንገራቸው" አሉ።

ወደ ሕዝቡ የሚወስደው ጥቂት እርምጃ ነበር፤ መምሬ ግን እንደዚያ የራቀ መንገድ ሄደው አያውቁም። ሴቱም ወንዱም ነጠላውን አጣፍቶ በግቢው ሞልቷል። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈዋል። እነተፈራም ደርሰው በሩ አጠገብ ጭቃቸውን እየጠረጉ ነበር። መምሬ ድምፃቸውን ሳያነሡ ተናገሩ። "ምእመናን፣ በብስክሌት ስመጣ ወደቅሁ። ጉልበቴ ይደማል። መቅደስ መግባት አልችልም። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በሉኝ።"

አቶ ኃይለኢየሱስ ከፊት ቆመው ዱላቸውን ተደግፈው መሬት መሬት አዩ። ማስተዋል ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። "ለሌላ ቀን እንመለሳለን፤ ምን ይደረጋል" አለች ለስለስ ብላ።

እናናየሁ ግን አልቻለችም። "ሌላ ቀን፣ ሌላ ቀን" አለች። "ስንት ዓመት ሙሉ ሌላ ቀን ነው የምንባለው?" ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

አቶ ኃይለኢየሱስ ቀና አሉ። "ከጉብታው ማዶ ጊዮርጊስ ሦስት ቄስ አለ" አሉ። "ቄስ ማኅደረማርያም ዛሬ ተረኛ አይደሉም። በጾም ላይ ናቸው፤ ንጹሕ ናቸው። የሚጠራቸው ከተገኘ ይመጣሉ።"

"በእግር ሄዶ ለመመለስ መሽቶ ነው" አለ አንዱ ሽማግሌ። "የርስዎም በቅሎ፣ አቶ ኃይለኢየሱስ፣ ጎረቤላ ሄዳለች።"

ሁሉም ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ የሚናገረው ግን አልነበረም። ተፈራ ነው ከበሩ በኩል የተናገረው። "እኔ ብስክሌት እነዳለሁ። አገራችን እያለሁ ትምህርት ቤት የምመላለሰው በብስክሌት ነበር። መንገዱን የሚያሳየኝ ካለ።"

አቶ ኃይለኢየሱስ ጥዱ ሥር የተደገፈውን፣ መሪው የተጣመመውን ብስክሌት አዩ። መምሬን አዩ። "መንገዱ አንድ ነው፤ ካቡን ይዘህ ቀጥ ነው" አሉ በመጨረሻ። ሄደውም የፊት ጎማውን በሁለት ጉልበታቸው ጨምቀው መሪውን በገዛ እጃቸው አቀኑት። "ሂድ። ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ቀስ።"

ተፈራ ከድንጋይ ላይ ሳይሆን እየሮጠ ዘሎ ወጣና ጉሙ ውስጥ ገባ።

መምሬ ከዚያ በኋላ የት እንደሚቆሙ አላወቁም። ዕቃ ቤት መግባት አይገባም፤ ከወንዶቹ መሀል መቆምም ከበዳቸው። ደም የሚፈሰው ሰው የሚቆመው ውጭ ነው። ስለዚህ ከቅጽሩ በር ወጣ አሉ። እዚያ በግንቡ አጠገብ አራት ሴቶች ቆመዋል። መምሬ በየቅዳሴው ሲያልፉ እነዚህን ሴቶች፣ ወይም እንደነሱ ያሉትን፣ ያዩ ነበር። የወር አበባ ላይ ያሉ ሴቶች እዚያ ነው የሚቆሙት። ያዩ ነበር ማለት ግን ዓይናቸው ያልፍባቸው ነበር ማለት ነው፤ እንደ ግንቡ፣ እንደ ጥዱ።

ሴቶቹ ደንግጠው ጠጋ ጠጋ አሉ። ትንሽ ቆይቶ ከመሀላቸው ትልቋ፣ ትርሲት የምትባል የመንደር ሸክላ ሠሪ፣ "አባታችን፣ እዚያ ንፋስ ነው" አለች። "ወደዚህ ይግቡ፣ ወደ ማዕዘኑ። እዚህ ከሆነ ዝናቡም ብዙ አያገኝዎ።"

ገቡ። እውነትም ንፋሱ ቆመ። "እንዴት አወቅሽ?" አሉ።

"ስንቆም ነው የምናውቀው" አለች ትርሲት። እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው። "ክረምት ክረምት ይሄኛው ማዕዘን፤ በጋ ወዲያኛው። ድምፁ ግን ከወዲያኛው ይሻላል። እዚህ ወንጌል ሲነበብ አይሰማም።"

"ምንም?"

"ደወሉ ይሰማል። 'እግዚኦ ተሣሃለነ' ሲባል ሰዉ ስለሚጮኽ ይሰማል። ሌላውን በልባችን ነው።"

መምሬ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ወንጌሉን ሲያነቡ ድምፃቸው መልካም ነው ይባሉ ነበር፤ ራሳቸውም ያውቁታል። እዚህ ግን ደርሶ አያውቅም።

ቆዩ። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ። ውስጥ ሕፃናት በረሃብ ያለቅሳሉ። አንዳንድ አሮጊቶች መቆም አቅቷቸው እየተደገፉ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ በመምሬ አጠገብ ሲያልፉ "ይፍቱኝ" አሉ እንደ ሁልጊዜው፣ እሳቸውም መስቀሉን አውጥተው ዘረጉ። ጥፋታቸውን የቆጠረባቸው አንድም ሰው አላዩም፤ ይህም ከቁስሉ ይልቅ አመማቸው።

በመጨረሻ ከጉብታው በኩል ሁለት ሰዎች ታዩ። ተፈራ ብስክሌቱን ይገፋል፤ ቄስ ማኅደረማርያም መቋሚያቸውን ይዘው ዣንጥላ ዘርግተው በእግራቸው፣ በወግ በወግ እየተራመዱ ይመጣሉ። ሲያልፉ ግን ከቀሚሳቸው ዘርፍ አንሥቶ እስከ ማጅራታቸው ድረስ፣ ከኋላ ጎማ የተረጨ አንድ ቀጥ ያለ የጭቃ መስመር ታየ። ትርሲት ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። መምሬም ወደ ሰማይ አዩ።

ሕፃኑ ተጠመቀ። ማስተዋል ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ውጭ የቆሙትን አየችና እጅ ነሣች። ከዚያ ቅዳሴው ገባ። መምሬ ቃሉን ሁሉ በቃል ያውቁታል፤ ቢሆንም ጆሯቸውን አቅንተው የደረሰውን ያህል ሰሙ። ንፋሱ ሲያመጣው አንድ ቃል፣ ሲወስደው ዝም። ወንጌሉ ሲደርስ አልተሰማም። መምሬ ያን ጊዜ በለሆሳስ፣ ለአራቱ ሴቶች ብቻ እንዲሰማ አድርገው፣ የዕለቱን ወንጌል በአማርኛ ነገሯቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው አዳመጡ። አንዷ ወጣት ስታለቅስ ሰሟት፤ ምን እንዳስለቀሳት አልጠየቁም።

ሕዝቡ ሲበተን አቶ ኃይለኢየሱስ መጡ። "እግርዎስ?"

"ደሙ ቆሟል።"

"ነግሬዎ ነበር።"

"ነግረውኝ ነበር።"

"ቢደብቁት ማንም አያውቅም ነበር" አሉ አቶ ኃይለኢየሱስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ማመስገናቸው ይሁን መጠየቃቸው አልታወቀም።

"ልደብቀው ነበር" አሉ መምሬ። "ከመንገዱ እስከ ዕቃ ቤቱ ድረስ ልደብቀው ነበር።" ከዚያ ወደ ግንቡ አመለከቱ። "አቶ ኃይለኢየሱስ፣ እዚህ ቆርቆሮ ቢለብስ፣ የድንጋይ መደብም ቢሠራ ምን ይመስልዎታል?"

"እዚህ? ለማን?"

"እዚህ ለሚቆሙት።"

ሰውየው ማዕዘኑን እንደ አዲስ ነገር አዩት። "ጉባኤው ይምከርበት" አሉ። በኋላ ጉባኤው መክሮበታል፤ "ከጥንት ያልነበረ ነገር" ያሉም ነበሩ፣ ክርክሩም እስከ መስቀል ማግሥት ቆየ። ቆርቆሮው እስካሁን አልተገዛም። መደቡን ግን ጥቅምት ውስጥ የመንደሩ ሰው ራሱ ድንጋይ እየተሸከመ ሠርቶታል። የብስክሌቱም ነገር ያን ዕለት እንዲህ ተብሎ ተቆረጠ፤ መምሬ በሚቀድሱበት ቀን በእግራቸው ወይም በዋዜማው ይመጣሉ፤ በሌላው ቀን በብስክሌት ይመላለሳሉ።

ያን ቀን ወደ ከተማ የተመለሱት ከእነተፈራ ጋር ነው። ተፈራ ብስክሌቱን ይገፋል፤ ከኋላው የክርስትናው ቆሎና ዳቦ የነበረበት መሶብ ታስሯል። እናናየሁ ሕፃኑን ታቅፋ ከመምሬ ጎን ትሄድ ነበር። ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ "ጠዋት የተናገርኩትን ይቅር ይበሉኝ" አለች።

"ያልሽው ትክክል ነው" አሉ መምሬ።

"ትክክል መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ለካህን መናገሬን ነው" አለች። መምሬ ሳቁ፤ ሲስቁ ጉልበታቸውን አመማቸው። ጉሙ ገለጥ ብሎ ነበር። ከሩቅ የከተማው ቆርቆሮ ያበራል፤ ከማሳው የባቄላ አበባ ሽታ ይመጣል። ሕፃኑ ክርስትና ስሙ ማን እንደተባለ ጠየቁ፤ ገብረ ሚካኤል አሏቸው።

ቤት ሲገቡ ወለተሐና ከሥራ ተመልሳ እሳት አቀጣጥላ ነበር። አረማመዳቸውን አየች፤ ጥለቱ የተቀደደውን ነጠላ አየች። ውሃ ልታሞቅ ብድግ አለች። ውሃው እስኪሞቅ ተቀምጣ፣ "በዚህ እግርህ ቀደስክ?" አለች።

"አልቀደስኩም" አሉ መምሬ ወልደአረጋይ፣ ካልሲያቸውን እያወለቁ። "አስቀደስኩ።"